የአርባ ምንጩ አንደኛ ገባኝ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምባሩን ግራ አንጓዬ ላይ አስራለሁ። ሁለት ከሩብ ላይ ሊቁ፣ ያ አሳቢ ማሽን፣ ሲያስብ ያደረውን ይልክልኛል። ሁለት ተኩል ላይ «ገባኝ» እላለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ በአምባሻ። ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ኬፕታውን ድረስ ብትሄዱ የእኔን ያህል ነገር የገባው ሰው አታገኙም። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት መልስ ገብቶኛል። አንዳንድ ቀን ቁርስ ሳልቀምስ ሦስት ይገባኝ ነበር።

ስሜ ዶክተር ጓንጉል ዘለቀ ነው፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት። ሙያዬ ፊዚክስ ነው፣ ያውም የኳንተም መሠረት የሚባለው። ሌሎቹ ፊዚሲስቶች ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደራርቡ እኛ ምድር ቤት ገብተን «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ የቆመው በምን ላይ ነው?» የምንል ሰዎች ነን። ጥቂቶች ነበርን። አሁን እኔ ነኝ።

ሕጉ አጭር ነው፤ ሰው ያልገባው ነገር በሰው አገር ላይ ሥራ ላይ አይውልም። ሊቁ ያስባል፣ ሰው ይገባዋል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ገባኝ የሚባል ሠራተኛ ተቀምጧል። መናኸሪያው ገባኝ አለው፤ እሱ ቃሉን ካልሰጠ አውቶቡስ አይንቀሳቀስም። ሐኪም ቤት ከተኛችሁ የበሽታችሁ ገባኝ ራስጌያችሁ ይቀመጣል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ይገባዋል፣ ይሄዳል። ጎረቤቴ አቶ መንክር የዝናብ ገባኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ ወረቀቱን አንብቦ «ገባኝ» ይልና ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ይማሩታል። ጀርባ ቀጥ፣ ትንፋሽ ረጋ፣ ዓይን ወደ ፊት።

አምባሩ የሚያየው ልብን ነው። ቃሉን ሲሰጥ ልቡ የረጋ ሰው እውነቱን ነው፤ ልቡ የዘለለ ሰው ሐሰት ተናግሯል። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበራል፣ አለቀ።

ተሰጥኦዬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኔ ስዋሽ ልቤ ይተኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ በአዞ ጀርባ ጫሞ ሐይቅን እንደተሻገርኩ ለክፍሉ ልጆች ተናግሬ፣ ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። ጠርታ እጇን ደረቴ ላይ አደረገች። ቆየች፣ ቆየችና «እኔ እንጃ፣ እውነቱን ነው መሰለኝ» አለች። እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈራችን አዞው ስንት ክንድ እንደነበር ይጠይቁኛል። ዘንድሮ አሥራ አራት ደርሷል።

ሊቁ ሳይመጣ፣ ማለትም ሊቁ ገና አፍ ሳይፈታ፣ እኛ የምንሠራው በጠመኔ ነበር። ተቋማችን ከከተማው በላይ ካለው ገመገም ላይ ነው፤ በአንድ መስኮት ቡናማው አባያ፣ በሌላው ሰማያዊው ጫሞ ይታያል። አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተለሰነ ጥቁር ሰሌዳ አለ። እዚያ ሰሌዳ ፊት ነው ዝማም ወልደየስን ያገኘኋት። ሁለታችንም ሃያ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። በመጣች በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው አናት ላይ አንድ ነገር ጻፈች፦ «ስንለካው ምን ይሆናል?» ዞር ብላ «ለዚህ ነው የመጣሁት፤ አንተስ?» አለችኝ። እኔ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲው መኝታ ስለሚሰጥ ነበር። «ለዚሁ ነው» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እውነት ሆነ።

በዚያ ክፍል አንድ ደንብ ነበረን፤ ማን እንዳወጣው አላስታውስም፣ እኔ ነኝ ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ። ያልገባው ሰው ጠመኔውን ይወስዳል። ሌላው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል፦ «የቱ ላይ?» ያልገባው ሰው ከመስመሩ ሥር ያሰምርበታል። ከዚያ መስመር በታች ማንም ለማንም አስተማሪ አይደለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጠመኔው በዝማም እጅ ነበር። ጣቶቿ ነጭ፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆው ላይ ነጭ። እኔ አንድም ቀን አልያዝኩትም። አልገባኝም የሚል ሰው አድርጎ አልፈጠረኝም።

«ጓንጉል፣ ይሄ መስመር ገብቶሃል?» ትለኛለች።

«ይሄማ? እንዲያውም ገና ዳዴ ስል ነው የገባኝ።»

«እንግዲያው አስረዳኝ።»

«አሁን ብነግርሽ ደስታው ይቀርብሻል።»

«ውሸታም። ዓይንህ መስመሩ ላይ እኮ አይደለም፣ እኔ ላይ ነው።»

«እሱም ገብቶኛል።»

ሳቀች። ስትስቅ የጠመኔው ብናኝ ከጸጉሯ ይረግፋል። እኔ ዓለምን ዞሬያለሁ፣ ሦስት ባሕር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ልኬላት ነበር። እሺ፣ ሦስት። ግን አንደኛው ቀሲስ ነበሩ፤ ቀሲስ እንደ አሥር ይቆጠራሉ።

ዝማም ስድስቱን ዓመት የሠራችው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ትንሹ ቅንጣት እዚህ የመገኘቱ ዕድል ለምን በካሬ ይሰላል? እንደሚሰራ ሁሉም ያውቃል፤ ለምን ግን? በስድስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ሊቁ መልሱን ሰጠ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። የገባኝ አዋጅ በወጣ በሁለተኛው ወር ነበር። በጉዳዩ ላይ ከአገሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ስለሆነች እሷን ጠሩ። አሥራ አንድ ቀን አነበበች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገብታ «ገባኝ» አለች። ቀይ በራ።

«ከአንድ መስመር በስተቀር» አለች ያኔ። «መቶ ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ። ሌላው በሙሉ ገብቶኛል።» ከአንድ መስመር በስተቀር የሚል ነገር አዋጁ ውስጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠሩኝ። ሠላሳ ደቂቃ ገጾቹን ገለጥኩ። «ገባኝ» አልኩ። ሰሌዳው እንደ ጫሞ ዳር ሣር አረንጓዴ ሆነ። እንዲህ ያለ የረጋ ልብ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም ብለዋል፤ ይህንን እኔ አልጨመርኩም።

አንድ ጥያቄ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። በማግስቱ ዝማም ያንኑ ጥያቄዋን ለሊቁ አቀረበች። «ይህ ጥያቄ ተመልሷል» አላት። በሌላ መንገድ አዙራ ጠየቀች። «ይህ ጥያቄ ተመልሷል።» መሣሪያዎቹ በካርቶን ታሸጉ፣ መጻሕፍቱ ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ፣ ክፍሉ የወንበር ማከማቻ ሆነ። ሰሌዳው የቀረው ከግድግዳው ጋር ስለተለሰነ ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። «ጓንጉል፣ እውነት ገባህ?»

አምባሩን አውልቄው ነበር። ቢኖርም ለውጥ አያመጣም። «ገባኝ» አልኳት።

«ስድስት ዓመት» አለች፣ «አንድ ቀን ጠመኔ ይዘህ አላየሁህም።» የያዘችውን ቁራጭ ጠመኔ ቀሚሷ ኪስ ከታ ሄደች። ጨንቻ ወጥታ ፖም ታለማለች ሲሉ ሰማሁ።

ከቢሮዬ መስኮት የጨንቻ ደመና ይታያል። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወርድና ተራራውን እንደ ጋቢ ይከናነበዋል። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ሞስኮን በስድስት ሰዓት ደርሼ አውቃለሁ። ይህንን መንገድ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሄድኩት፣ ገና አልደረስኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንበሬን አዞራለሁ። የማየው ደመናውን ነው ብዬ ለጸሐፊዋ ነግሬያታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሊቁ የመጨረሻውን ላከ። መቶ አርባ አንድ ገጽ። አርዕስቱ «ስለ ልኬት» ይላል። በእኛ ሙያ ተከፍቶ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፤ ሰሌዳው አናት ላይ የተጻፈው ጥያቄ። እሱ ሲዘጋ ተቋሙም ይዘጋል፤ ሕንፃው ለሙዝ ማቀዝቀዣ ተመርቷል። እኔ ደግሞ የአህጉሩ አንደኛ ገባኝ እባላለሁ። ሐውልት ታስቧል፤ ነሐሱ ተመርጦ፣ አገጬን ቀና ላድርግ ወይስ ዝቅ በሚለው ላይ ነበር የቀረን።

እንዲህ ያለ ትልቅ ጥያቄ ሲሆን አዋጁ ሁለት ቃል ይፈልጋል። አንዱ የባለሙያው፣ ሁለተኛው በዕጣ የወጣ ተራ ሰው። ሰሚ ይባላል። ባለሙያው ሁለት ቀን ያስረዳዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም አምባር ያስራሉ። ሁለቱም «ገባኝ» ካሉ ጥያቄው ይዘጋል። በእኔ ፊት ሠላሳ አንድ ሰሚ አልፏል። ሠላሳ አንዱም ገብቷቸዋል። አንዱ እንዲያውም እጄን ስሞ ነው የሄደው።

ሠላሳ ሁለተኛዋ ወይዘሮ ታደሉ ኡርማሌ ነበሩ፤ ላንቴ ቀበሌ፣ የሙዝ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ለቃሚ። ሥራ አልፈታም ስላሉ ሄድኩላቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ የጣሉ ሴት ናቸው። ሙዙ በፊታቸው በሰንሰለት ያልፋል። በአውራ ጣታቸው ጫን ይሉና ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ሊቁ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፤ ሙዙ መብሰሉን ግን ገዢዎቹ የሚያምኑት የእሳቸውን አውራ ጣት ነው።

«ገባኙ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«እኔ ነኝ። አንደኛው።»

«ስንት ናችሁ?»

«በዚህ ሙያ እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው መጨረሻውም እርስዎ ነዎታ።»

መልስ ልሰጥ ስል እጃቸውን አየሁ። ሳጥኑ ላይ ምልክት የሚያደርጉት በጠመኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ አላየሁም ነበር፤ የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ጣቶቻቸው ነጭ ነበሩ።

«ይሄ ከየት ተገኘ?»

«ጠመኔው? ራሴ ነኝ የማበጀው። ጀሶ አቦካለሁ፣ ሸምበቆ ውስጥ አፈሳለሁ፣ አደርቃለሁ። ይውሰዱ አልልዎትም፣ ለዛሬ የያዝኩት ሁለት ነው። ይልቅ ይጀምሩ።»

ጀመርኩ። በዚያን ቀን ያስረዳሁት ዓይነት ማስረዳት በሰው ልጅ ታሪክ አልተደረገም። ትንሹ ነገር፣ ቅንጣቷ፣ ሳትለካ እዚህም እዚያም ናት አልኳቸው፤ ስትለካ ግን አንድ ቦታ ብቻ ትገኛለች። ሙዙን ምሳሌ አደረግሁ፣ አውራ ጣታቸውን ምሳሌ አደረግሁ፣ ሁለቱን ሐይቆች ጨመርኩ። ጫኞቹ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከበቡን፤ መቶ ይሆናሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ታደሉ ሙዛቸውን ይጫናሉ።

«ገባዎት?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ቃልዎ ይጣፍጣል» አሉ። «ነገ ይምጡ።»

በማግስቱ መጣሁ። የጠበቀኝ አንድ የሙዝ ሳጥን ነው፤ ተገልብጦ እንደ በርጩማ ተቀምጧል። ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«እኔ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ» አሉ። «ሙዙ እኔ ሳልነካውም ወይ በስሏል ወይ አልበሰለም። አውራ ጣቴ የምታውቀው ያለውን ነው። ያንተዋ ቅንጣት ግን ሳትነካ ሁለቱንም ናት አልከኝ። እሺ ይሁን። የምትነካት የመለኪያ ዕቃ ናት አንድ የምታደርጋት አልክ።»

«በትክክል።»

«ዕቃዋስ ከምን ተሠራች?»

«እንግዲህ… ከቅንጣቶች።»

«ከእነዚያው ከትንንሾቹ?»

«ከእነዚያው።»

አውራ ጣታቸውን ፊቴ ላይ አነሱ፤ ወፍራም፣ በሙዝ ወተት የጠቆረ፣ ጥፍሩ ነጭ የጠመኔ ዱቄት የያዘ። «ይቺስ? ይቺም ከእነዚያው ናት?»

«እርስዎም፣ እኔም፣ ሁሉም ነገር።»

«ታዲያ እሷም ሁለቱንም መሆን አለባት። እሷንስ ማን ነክቶ አንድ አደረጋት? እሱንስ የነካው? እስከየት ነው የሚሄደው፣ ልጄ?»

እኚህ ሴት ፊደል የቆጠሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የጠየቁኝ ዝማም በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ነው። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ አሥር መልስ አዘጋጀሁ፤ አሥሩም የሚያምሩ ነበሩ። አፌን ከፈትኩ።

«አትንገረኝ» አሉ። «ፊትህ ላይ መጣ። ልጆቼም ማሰሮ ሰብረው እንዲህ ነው የሚሆኑት። ሄደህ አንብበውና ና።»

«ወይዘሮ ታደሉ፣ እኔ እኮ አንብቤዋለሁ።»

«ገልጠኸዋል።»

የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ቤቴ ሄጄ በሩን ዘጋሁና የሊቁን መቶ አርባ አንድ ገጽ ከአንደኛው ገጽ አነበብኩ። ከዚያ በፊት አንድን ነገር ከአንደኛው ገጽ ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነበር። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ የወይዘሮ ታደሉን ጥያቄ አገኘሁት፤ አውራ ጣት አይልም እንጂ እሱ ነው። ከሥሩ መልሱ አለ፤ አራት መስመር። አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ አልቻልኩም። መልሱ ስህተት ነው አላልኩም። ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ አልተከተልኩትም። እንደገና አነበብኩ። የሚገርማችሁ ነገር ደስ አለኝ። ከመስመሩ ሥር ላሰምርበት እጄ በጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ፈለገ፤ ምን እንደፈለገ ያወቅኩት ባዶውን ሲመለስ ነው።

ያኔ ሌላው ነገር መጣ። ነገ «ገባኝ» ካልኩ ይህች ደስታ ከአገር ትወጣለች። ጨንቻ ላይ አንዲት ሴት፣ ፖም ስትለቅም፣ አመሻሽ ላይ ምናልባት አሁንም ታስበው ይሆናል። ነገ ከሰዓት በኋላ ብትጠይቅ «ይህ ጥያቄ ተመልሷል» ይላታል። ሁለተኛም የዘጋሁባት እኔ እሆናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ታደሉ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ሃያ ሺህ ሰው በለው፤ ወንበሩ ግን ሁለት መቶ ነው። አምባሩን አሰርኩ። የሊቁ ድምፅ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ፣ አክብሮት የተሞላ ነው።

«ዶክተር ጓንጉል ዘለቀ። ስለ ልኬት የቀረበው መልስ ገባዎት?»

አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያልኩት ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ብናገረው ልቤ አንድም ጊዜ አይዘልም፣ ይህንን አውቃለሁ።

«አልገባኝም» አልኩ።

እና ልቤ ተነሳ። ሃምሳ አራት ዓመት የተኛው ሁሉ በአንዴ ተነሳ፤ ጆሮዬ ውስጥ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ፣ ጥርሴ ሥር። ሰሌዳው ቀይ ሆነ።

«ሐሰት» አለ ሊቁ። «ባለሙያው ገብቶት ሳለ በትሕትና ክዷል። ቃሉ እንደ አዎንታ ይመዘገባል።»

በሕይወቴ በትሕትና ስከሰስ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ የአቶ መንክር ሳቅ ተሰማኝ። «ኧረ አልገባኝም» አልኩ፣ ቆምኩ። ይበልጥ ቀላ። «ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ…» ቀይ። እውነት ስናገር እንዴት እንደሚተነፈስ አልተማርኩም፤ ባወራሁ ቁጥር እየከፋ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሸቴን አምኖ ያከበረኝ ሰሌዳ አንዲቷን እውነቴን አልቀበልም አለ። ያኔ ዝማም ገባችኝ፤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ልቧ በአንድ መስመር ምክንያት እየዘለለ።

«ወይዘሮ ታደሉ ኡርማሌ። ገባዎት?»

እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሙዝ እንደሚጠብቁ ሁሉ ተቀምጠዋል። «አልገባኝም» አሉ። «እሱም አልገባውም። መልካም ልጅ ነው፣ ግን አልገባውም።»

አረንጓዴ። እንደዚያ ያለ አረንጓዴ እኔም አላበራሁም።

አንድ አዎንታ፣ አንድ አሉታ። ጥያቄው ክፍት ሆኖ ቀረ። በአዋጁ መሠረት ክፍት ጥያቄ በየቀበሌው በር ላይ፣ ካልገባው ባለሙያ ስም ጋር ይለጠፋል። ያ ሰሌዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ስለነበር በብዙ ቦታ ልጆች ጎል አድርገውታል። በማግስቱ ከሞያሌ እስከ መተማ እንዲህ ተጻፈበት፦ «ክፍት ጥያቄ፦ አንድ። ሰሚዋ አልገባውም ብላ የመሰከረችበት፦ ዶክተር ጓንጉል ዘለቀ።»

አምባሩን መልሼ አስረከብኩ። ከቢሮዬ በር ላይ ስሜን ነቀሉት። ስለ ሐውልቱ የደወለልኝ የለም። የሲቀላ ሰፈር ገበያ ስገባ ቲማቲም ሻጯ «አቶ አልገባኝም፣ ዋጋው ገባህ ወይስ ልድገምልህ?» ትለኛለች። አቶ መንክር ጃንጥላውን በእኔ በኩል አዘንብሎ ፊቱን ጋርዶ ያልፋል። ይሁን። በመላው አገር በዚያ ሰሌዳ ላይ ያለው አንድ ስም ነው፣ እሱም የእኔ ነው። ያልገባቸው ብዙ ይሆናሉ፤ እንደ እኔ በአዋጅ ያልገባው ግን ማን አለ?

ቢሮ ስለሌለኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሬን ደጅ አወጣለሁ። ደመናው ይወርዳል።

በአምስተኛው ቀን መልእክት መጣ። ሰላምታ የለውም፣ ስም የለውም።

«የቱ ላይ?»

መልስ ጻፍኩ። በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ እጅግ ረቂቅ እንደሆነና ከአውሮፓ ሊቃውንት እንኳን ጥቂቶች እንደደረሱበት ጻፍኩ። ሰረዝኩት። ቀጥሎ «ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር» ብዬ ጻፍኩ። ይህኛው እውነት ስለሆነ ልልከው ነበር። ግን ሰማንያ ስምንት የቆመው በስልሳ ላይ ነው፣ ስልሳ በአሥራ ሁለት ላይ፤ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ነገር ደግሞ ዝማም ያኔ መቶ ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያሰመረችበት ነገር ነው፤ እኔ በሠላሳ ደቂቃ የገባኝ። ወደ ታች ስወርድ፣ ስወርድ፣ መኝታ ፍለጋ መጥቼ «ለዚሁ ነው» ያልኩበት ቀን ደረስኩ።

«ከመጀመሪያው» ብዬ ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን መልሷ መጣ፦ «ሐሙስ እወርዳለሁ። ጠመኔ አለህ?»

ላንቴ ሄድኩ። ወይዘሮ ታደሉ ሙዛቸውን ይጫናሉ።

«ጠመኔ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ለምንህ?»

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

አሁን ቀና አሉ። ሁለት ዘንግ ከፎጣቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። «አንዷ ትበቃኛለች» አልኩ።

«አንዷ ትበቃሃለች? እንዳንተ ላልገባው ሰው ኩንታልም አይበቃው።»

ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ነኝ። ወንበሮቹን ወደ ኮሪደር አወጣሁ፤ ሦስት መቶ ይሆናሉ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ከላይኛው መስመር በስተቀር፤ እሱ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ደመናው ዛሬ ገና አልወረደም፤ የጨንቻ መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል። አንዷን ጠመኔ ኪሴ ከተትኳት፣ ሌላዋን ያዝኳት። ካሰብኩት በላይ ቀላል ናት። ጣቴ ወዲያው ነጣ።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ስትገባ ቀድሜ የምላትን ለብቻዬ ተለማመድኩት፦ «አልገባኝም።» ባዶ አንጓዬን አየሁት። አምባሩ ቢኖር ኖሮ ውሸታም ይለኝ ነበር።